ሁለቱ አረንጓዴ ደብተሮች

ሰው ገድዬ አላውቅም፤ የሰው ንብረትም አንስቼ አላውቅም። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን፣ ከኮለምበስ ወጣ ብላ ባለችው ዌስተርቪል ውስጥ፣ በሰው ጓሮ፣ በገዛ እጄ ክብሪት ጭሬ የሠራሁትን ሥራ እስከ ዛሬ ለባሌ እንኳ ከነሙሉ ነገሩ አልነገርኩትም። እናንተን ስለማላያችሁ ነው መሰለኝ ዛሬ የደፈርኩት። ከሆዴ ይውጣልኝና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ።

ትርሲት እባላለሁ። ሞርስ ሮድ አካባቢ የሚወዱኝ “እትዬ ትርሲት” ይሉኛል፤ የቀሩት “ያቺ ቁጡ ሴትዮ” ነው የሚሉኝ። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄጄ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እጄ ላይ አልወደቀም፣ አንድ ክኒን አላሳሳትኩም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ የምለፈልፍ ሰው ነበርኩ። ክፉ አመል ግን ነበረችኝ፤ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ “ገባኝ፣ ገባኝ” እላለሁ። ልጄ “ማሚ፣ ዩ ዲድንት ኢቭን ሊስን” ስትለኝ “ሰምቼሻለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ!” ነበር መልሴ። ያኔ ያንን ፍጥነት እንደ ጉብዝና ነበር የምቆጥረው።

ክላየንቴ ኢራናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባህማን ይባላሉ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን “ጋሼ ባህማን” አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝና ስነግራቸው፣ “በዚህ ዕድሜዬ ታናሽ እህት አገኘሁ” ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ነርሶች “ሚስተር” ሲሏቸው ጆሮ አይሰጧቸውም ነበር። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ስለነበር ማንም ማንንም አይንቅም።

እኚህ ሰው ከአገራቸው ከተሰደዱ ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በፋርስኛ የፖለቲካ መጽሔት ሲያሳትሙ የኖሩ ናቸው። የመጽሔቱን ስም አልጠራውም፤ ለምን እንደማልጠራው ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። የጀመሩት አውሮፓ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ እሳቸው፣ ባለቤታቸው መህሪ፣ እና አራት ጓደኞቻቸው። የጽሕፈት መኪና ስላልነበራቸው የመጀመሪያውን እትም መህሪ በእጇ ጻፈችው። የጽሕፈቷ ውበት እንዲህ ነው ተብሎ የሚነገር አልነበረም አሉኝ፤ አንባቢዎች መኪና ከተገዛ በኋላ እንኳ “ያንን የእጅ ጽሕፈት መልሱልን” ብለው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ኋላ ወደ ኮለምበስ ሲመጡ መጽሔቱም አብሯቸው መጣ፤ ከቤታቸው ሥር ያለው ቤዝመንት ቢሮ ሆነ።

ከአራቱ ጓደኞች አንደኛው “ለዘብተኛ ሆናችኋል” ብሎ ጥሏቸው ሄደ። ሁለተኛው “አክራሪ ሆናችኋል” ብሎ ሄደ። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ተኳርፈው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተነጋገሩም። “ውይ ጋሼ፣ እንደኛ ናችሁ ማለት ነው!” ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ወደ አገር ቤት የሚገባው እትም በስስ ወረቀት ታትሞ፣ በሕፃን ልብስ መሐል ተጣጥፎ፣ በመንገደኛ እጅ ነበር የሚላከው። ከውስጥም ጽሑፍ ይመጣል። የሚጽፉት መምህራን፣ ነርሶች፣ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ አንድ የወህኒ ቤት ሐኪም ነበሩ፤ ሁሉም በብዕር ስም። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ጋሼ ባህማን ብቻ ናቸው። አንዱ ሲታሰር ለቤተሰቡ እርዳታ የሚላከው በእሳቸው በኩል ስለነበር ስሙን ከነአድራሻው በአንድ አረንጓዴ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። በኋላ ኢንተርኔቱ መጣና አንባቢው ወደ ስልኩ ዞረ፣ መህሪም ታማ ሞተች፣ መጽሔቱ ቆመ። ደብተሩ ግን ቤዝመንቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። በውስጡ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም እዚያው አገር አሉ።

ከዚያ ደብተር ጎን ሌላ አረንጓዴ ደብተር ነበር። መህሪ ሁለቱን በአንድ ቀን ነው የገዛቻቸው፤ አንዱን ለባሏ፣ አንዱን ለራሷ። በራሷ ላይ የዚያን መጽሔት ታሪክ በእሷ በኩል ያለውን ጽፋበታለች፤ ማን መጣ፣ ማን በላ፣ ማን ተጣላ፣ ማን ታሰረ ተብሎ ቤቱ ስንት ቀን ዝም አለ። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ላሌ ትባላለች፣ እዚሁ አስተማሪ ናት። ላሌ ፋርስኛ ትናገራለች እንጂ እዚህ ስላደገች ማንበብ ይከብዳታል፤ ፊደል እየቆጠረች ነው የምታነብ። ስለዚህ በየእሁዱ ትመጣና ከአባቷ ጋር የእናቷን ደብተር አንድ ገጽ ታነባለች። አንዳንዴ እሁድ ሺፍት ሲደርሰኝ እነሱ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው፣ እሷ ጣቷን እየጎተተች፣ እሳቸው እያረሙ፣ አንዷን ገጽ ግማሽ ቀን ሲያነቧት አያለሁ። ለምን እሳቸው ቶሎ አንብበው አይገላግሏትም እል ነበር። አሁን ነው የገባኝ፤ እናቷን ከዚያ በቀር የምታገኝበት ስላልነበራት እንዳታልቅባት ነው።

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመጽሔቱን ታሪክ ማጥናት እንፈልጋለን ብሎ ከላሌ ጋር ተስማማ። ሰኞ ዕቃ የሚያጓጉዙ ሙቨሮች መጥተው ካርቶኖቹን ሁሉ ጭነው፣ ግሮቭ ሲቲ ወዳለ መጋዘን ሊወስዱ ሆነ። ዓርብ ዕለት ጋሼ ባህማን ሾርባ ሳቀርብላቸው እጄን ያዙኝ።

“ትርሲት፣ ከሰኞ በፊት የስሞቹ ደብተር መቃጠል አለበት። ለእያንዳንዳቸው ቃል ገብቻለሁ።”

“ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ?”

“ሦስት ጊዜ ክብሪት ይዤ ወርጄ ተመልሻለሁ። ዕድሜዬ ነው እኮ ያለው እዚያ ውስጥ። እሁድ ማታ አደርገዋለሁ፤ እኔ ካልቻልኩ ግን አንቺ። ለላሌ መንገር አልፈልግም፣ ታሪክ ነው ብላ ታስቀምጠዋለች።”

“ለምን እኔን?”

“ስለ ወንድምሽ ስለነገርሽኝ ነው” አሉኝ።

ወንድሜ ሙሉጌታ ተማሪ ነበር። አስተማሪያቸው አብረውት መጽሐፍ የሚያነቡ ልጆችን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን የዱቄት እንስራ ውስጥ ደበቀው። ቤቱ ሲፈተሽ ተገኘ። አሥራ አንድ ስም ነበረበት፤ የእኛ ልጅ ሰባተኛው ነው። በማግስቱ መጥተው ከምሳ ላይ አንስተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወረቀት ላይ የተደረደረ የሰው ስም ሳይ፣ የሠርግ ጥሪ እንኳ ቢሆን፣ እስከ ዛሬ ገልብጬ ነው የማስቀምጠው።

“ሁለቱ ደብተሮች ከውጭ አንድ ናቸው” ሲሉ ቀጠሉ ጋሼ። “የስሞቹ የመጀመሪያ ገጹ ባዶ ነው። ድንገት የከፈተ ሰው ምንም የለውም ብሎ እንዲተወው ሆን ብዬ ነው የተውኩት። የመህሪ ግን...”

“ገባኝ ጋሼ፣ ባዶው ነው።”

“ቆይ ጨርሼ ልንገርሽ።”

“ገባኝ አልኩዎት እኮ! ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።”

ማንኪያውን አነሱ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ ጋሼ ባህማን ወንበራቸው ላይ ሆነው ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ አገኘኋቸው። አምቡላንስ ጠራሁ። የአምቡላንሱ ልጆች መጥተው የኦክስጅን ማስኩን ሊያደርጉላቸው ሲሉ በእጃቸው ገፍተው ወደ እኔ ዞሩ። “ደብተሩ... አልቻልኩም... ዛሬ” አሉ። “እሺ ጋሼ፣ እሺ፣ አያስቡ!” አልኳቸው። ማስኩን አደረጉላቸውና ይዘዋቸው ሄዱ።

ላሌን ኮል አደረግኳት። ትምህርት ቤት ነበረች። እያለቀሰች፣ “እኔ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ ሙቨሮቹ በአራት ሰዓት ይመጣሉ፣ አንቺ ክፈቺላቸው፣ ቤዝመንት ያለውን ሁሉ ስጪያቸው” አለችኝ። ስለ እናቷ ደብተር ማሰብ የት ይሆንላታል። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ቀርቶኛል።

ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ሁለቱ ደብተሮች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። የወንድሜን ስም ራሱን የያዝኩ ነበር የመሰለኝ። ፋርስኛ ባላነብም የሰዎቹን ስም በዓይኔም አላይም ብዬ ለራሴ ማልኩ። የአንደኛውን ሽፋን ገለጥ አደረግኩት፤ ባዶ ገጽ። ሁለተኛውን ገለጥ አደረግኩት፤ ከላይ እስከ ታች ጢም ብሎ ተጽፏል። ባዶውን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ።

ጓሮ ያለውን የሥጋ መጥበሻ ግሪል ከፈትኩና ክብሪት ጫርኩ። ደብተር እንደተዘጋ አይነድም፤ ለካ መገንጠል አለበት። ፊቴን አዙሬ፣ በእፍኝ በእፍኝ እየገነጠልኩ ወደ እሳቱ ጣልኩት። ጎረቤት ያለችው ሴትዮ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ “በጠዋት ባርቤኪው?” አለችኝ። “የስ፣ የስ” አልኳት። አንዷ ቅጠል ነፋስ አንስቷት ጫማዬ ላይ አረፈች። ሳነሳት ሳልፈልግ ዓይኔ አረፈባት፤ እንዴት የሚያምር ጽሕፈት! “የጋሼ እጅ እንዲህ ይጽፋል እንዴ?” ብዬ አሰብኩ። አስቤም ከተትኳት።

ሲያልቅ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። “ሙሌ፣ የእነዚህን አተረፍኩልህ” አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ኮርቼ አላውቅም።

ሙቨሮቹ መጡ፤ ካርቶኖቹን ጭነው ሄዱ። የቀረውን አረንጓዴ ደብተር ግን አልሰጠኋቸውም፤ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። የእናቷ ነገር ከዕቃ ጋር ተጭኖ ሊሄድ ነበር፣ ደግ አደረግኩ እያልኩ ወደ ሆስፒታል ነዳሁ።

ላሌ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ የአይሲዩ፣ መጠበቂያ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ጉሮሮአቸው ውስጥ ቱቦ እንደገባ፣ አንዳንዴ እንደሚነቁ፣ ሐኪሙ ግን ብዙ ተስፋ እንዳልሰጣት ነገረችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ፎጣውን ፈታሁና ደብተሩን ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

“የእናትሽን ደብተር አተረፍኩልሽ” አልኳት።

አቅፋ ሳመችኝ። ሳመችኝ እኮ! ከዚያ ደብተሩን ገለበጠችውና ጀርባው በሚመስለኝ በኩል፣ በቀኝ በኩል ከፈተችው። ባዶ ገጽ ነበር። ቀጣዩን ገለጠች። በመስመር የተደረደሩ አጫጭር ጽሑፎች፣ ከጎናቸው ቁጥሮች።

“ይሄ የእናቴ አይደለም” አለች።

እኔ ግን ጣቷን ነበር የማየው። ደብተሩን በቀኝ በኩል የከፈቱትን ጣቶቿን። የፋርስኛ ደብተር የሚጀምረው እኛ መጨረሻ በምንለው በኩል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሼ ባህማን ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፉ፣ ከቀኝ ሲገልጡ አይቻለሁ፤ በየእሁዱ አይቻለሁ! በዚያች ደቂቃ ግን እኔ በአማርኛ ደብተር እጄ ነው የከፈትኩት። ያየሁት የሁለቱንም መጨረሻ ነበር። የጋሼ ደብተር እስከ መጨረሻዋ ገጽ በስም ሞልቷል። የመህሪ መጨረሻው ባዶ ነው፤ ሳትጨርሰው ስለሞተች።

“ትርሲት፣ የእናቴስ የት አለ?”

ፎጣውን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

“ትርሲት። የት ነው?”

“አቃጠልኩት” አልኳት። ጋሼ ያሉኝን፣ ባዶውን ገጽ፣ ግሪሉን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እየነገርኳት ነው ለራሴም የገባኝ።

ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ እንዴት በወደድኩ። ግድግዳውን እያየች፣ “ገጽ አርባ አንድ ላይ ነበርን” አለች። “ትናንት አባቴን አንድ ገጽ እንጨምር ስለው ደክሞኛል፣ ለሚቀጥለው እሁድ እናቆየው አለኝ።”

እግሯ ላይ ወደቅኩ። በአገሬ እንደሚደረገው ጫማዋን ይዤ ማሪኝ አልኳት። “ተነሺ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ እባክሽ ተነሺ!” እያለች እግሯን ሰበሰበች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስልካቸውን ትተው እኛን ያዩናል። ተነሳሁ፤ ግን ሌላ ነገር ደግሞ አየሁ። የስሞቹ ደብተር ጭኗ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

“ላሌ፣ እሱን ስጪኝ። እሱ ነው መቃጠል የነበረበት።”

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ ነው። “እናቴን አቃጥለሽ ደግሞ አባቴን ላቃጥል ትያለሽ? ከቤተሰቤ ሥራ ሌላ ምን ቀረኝ? ዩኒቨርሲቲው በቁልፍ ያስቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ስማቸው ሊታወቅላቸው አይገባም?”

“የሚያስቀምጥ ሁሉ በቁልፍ አስቀምጣለሁ ነው የሚል!” ጮህኩባት። ይቅርታ የምጠይቅ ሴት፣ ጮህኩባት። “የእኛ አስተማሪም ዱቄት ውስጥ አስቀምጦ ነበር! ወንድሜን ከምሳ ላይ ነው ያነሱት። እጁን እንኳ አልታጠበም። እኔን ጥይኝ፣ ከሰሽኝ፣ ከሥራዬ አስባርሪኝ፤ ያንን ግን ስጪኝ!”

“ስለ ወንድምሽ አዝናለሁ” አለች፤ ደብተሩን ዘግታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። “አልሰጥሽም።”

በዚህ መሐል ነርሷ መጥታ አባትሽ ነቅቷል አለቻት። ከኋላዋ ገባሁ፤ ሂጂም ነዪም አላለችኝም። ጋሼ ባህማን ቱቦው በአፋቸው ገብቶ፣ ዓይናቸው ብቻ ነበር የቀረው። እኔን ሲያዩ ቀኝ እጃቸውን ከአንሶላው ላይ አንስተው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አፋተጉ። ክብሪት እንደሚጭር ሰው። እንደገና አደረጉት። ፊቴን አዞርኩ።

ላሌ ጎንበስ ብላ በጆሮአቸው በፋርስኛ አንዲት ነገር አለቻቸው። ዓይናቸው በእንባ ሞላና እጇን ጨብጠው ወደ ጉንጫቸው ወሰዱት። ትንሽ ቆይተው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ኮሪደሩ ላይ፣ “ምን አልሻቸው?” አልኳት።

“ተቃጥሏል አልኩት” አለችኝ። “የትኛው ብሎ አልጠየቀኝም።”

ደብተሩን ከደረቷ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ “አሁን እውነት ማድረግ አለብኝ፤ ዋሽቼው እንዲሞት አልፈልግም። ቤት እንሂድ” አለች።

በእኔ መኪና ሄድን። ጓሮ እንደደረስን በቀጥታ ወደ ግሪሉ ሄዳ አመዱን በጣቷ መበተን ጀመረች፤ ጠቆረች፣ ልብሷ ተበላሸ፣ አላቆመችም። ከታች ጥግ ላይ መዳፍ የማታክል፣ ዳሯ የተጠበሰ ቁራጭ ወረቀት አገኘች። ወደ ብርሃን አንስታ፣ ጣቷን እየጎተተች፣ ፊደል በፊደል፣ እንደዚያ እንደ እሁዱ አነበበቻት። አጭር ነበረች።

“‘እንግዶቹ ሲሄዱ...’ ነው የሚለው” አለችኝ። ገልብጣ አየችው፤ ጀርባው ከስሏል። “እንግዶቹ ሲሄዱ ምን? ትርሲት፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ምን?”

ሁሉን የማውቅ፣ ሁሉ የሚገባኝ ሴትዮ ቆሜ አየኋት።

ቁራጯን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ደብተሩን አውጥታ ሰጠችኝ። “አንቺ አቃጥዪው። እኔ እጄ አይችልም።” ተቀበልኳትና በቀኝ በኩል ከፈትኩት፤ ባዶውን ገጽ አሳየኋት። ሁለተኛውን ገጽ ገልጬ፣ “ይሄ ስሞቹ ነው? እርግጠኛ ነሽ?” አልኳት። “አዎ” ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ጠየቅኳት። “አዎ አልኩ እኮ!” ብላ ጮኸችና ከዚያ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አንድ በአንድ እየገነጠልኩ አቃጠልኩት። የመጨረሻዋ ቅጠል አመድ እስክትሆን ሁለታችንም ከዚያ አልተነቃነቅንም።

ጋሼ ባህማን በማግስቱ ጠዋት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምኩ። ላሌ አየችኝ፤ አልቀረበችኝም፣ እኔም አልቀረብኳትም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልትሉኝ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ከፊሉን የነገርኳቸውም ብለውኛል። “ለበጎ ነው፤ ያንን ያህል ሕዝብ አተረፍሽ” ይሉኛል። አይደለም! እነዚያ ሰዎች እንዲተርፉ የመህሪ ደብተር መቃጠል አልነበረበትም። ጋሼ ሁለት ደቂቃ ለምነውኝ ነበር፤ “ቆይ ጨርሼ ልንገርሽ” ብለውኝ ነበር። ሾርባው ይቀዘቅዛል ብዬ ከለከልኳቸው። የሰው ወሬ ከመሐሉ የምትነጥቁ ካላችሁ፣ ቸኩላችሁ የምትረዱ ካላችሁ፣ ስለ እናንተ ነው የጻፍኩት። ለሁለት ወር ሥራ አቆምኩ። ከተመለስኩ በኋላ አሮጊቶቹ ሲያወሩኝ አፌን በእጄ እይዛለሁ፤ “ምነው፣ ጥርስሽን አመመሽ?” ይሉኛል። ይበሉኝ።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ስልኬ ጠራ። ላሌ ነበረች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ “አባቴ ስለ እናቴ የነገረሽ ነገር አለ?” አለችኝ። አለ አልኳት። መህሪ ያንን የመጀመሪያ እትም ስትጽፍ ላሌን አርግዛ እንደነበር፣ ጠረጴዛ ስላልነበራቸው ወረቀቱን ሆዷ ላይ አድርጋ እንደጻፈችው፣ ሕፃኗ ስትራገጥ መስመሩ ይጣመም እንደነበር ነገርኳት። ላሌ ይህን ሰምታ አታውቅም። “ለሚቀጥለው እሁድ ሌላ አስታውሺ” ብላኝ ዘጋች።

በሁለተኛው እሁድ፣ እነዚያ ሁለት ጓደኞች ሲጣሉ መህሪ ሳይታረቁ ወደ በረዶው እንዳይወጡ ጫማቸውን እንደደበቀችባቸው፣ እነሱም እልኸኞች በካልሲ እንደወጡ ነገርኳት፤ ስትስቅ ሰማኋት። በሦስተኛው፣ መጽሔቱ ተጠቅልሎ ይላክበት የነበረው የሕፃን ልብስ የራሷ የላሌ እንደነበር፣ አንዱ ብቻ፣ ቢጫ ሹራብ፣ መህሪ አልሰጥም ብላ እንዳስቀረችው ነገርኳት።

ለአራተኛው እሁድ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ቆፈርኩ። ምንም የለም። ቅዳሜ ዕለት አንድ ታሪክ ፈጠርኩ፤ የሚያምር ነበር፣ ብነግራት ደስ የሚላት። ማንም አያውቅብኝም። ስልኩ ሲጠራ አፌን ከፈትኩ።

“ላሌ፣ አለቀብኝ” አልኳት። “ከዚህ በላይ አላውቅም።”

“ትንሽም ነገር የለም?”

“የለም ልጄ።”

“እንግዲህ እናቴ ዛሬ ሞተች ማለት ነው” አለችና ስልኩን ዘጋችው።